የዘጌን ቡና የለካው ጥቁር ገጽ

ነጭ የፕላስቲክ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ክብ ገጽ አለው። የዚህ ገጽ ስፋት ከዳር እስከ ዳር በአብዛኛው 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ኬሚስቶች ኤሌክትሮድ ይሉታል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ የወንበራን፣ የወለጋን፣ የፍኖተ ሰላምንና የዘጌን ቡና ካፌይን የለኩት በእንዲህ ያለ ጠባብ ገጽ ነው። ጥናቱን ደጋግሜ እንዳነብ ያደረገኝ ከውጤቱ ይልቅ በውስጡ ያለው የእጅ ሙያ ነው።

ገጹ የተሠራበት ቁስ ብርጭቆ መሰል ካርቦን ይባላል። ሙጫ የመሰለ ፖሊመር አየር በሌለበት ምድጃ ውስጥ በዝግታ እንዲከስል ይደረጋል፤ ከተጣደፈ ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ ይሰነጥቀዋል። ታግሠው ሲያወጡት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ፈሳሽም ጋዝም የማያሳልፍ ጥቁር ጠጣር ይሆናል። ይህ ግን ከፋብሪካ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። የላቦራቶሪው ሰው ሙያ የሚጀምረው ገጹን ሲወለውል ነው።

በእርጥብ ጨርቅ ላይ የአሉሚና ዱቄት በውኃ ይለወሳል። ዘንጉ ቀጥ ተደርጎ ይያዝና የ8 ቁጥርን ቅርጽ እየሠራ ይፈተጋል። ፍትጊያው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ገጹ ይጋደላል፣ ጭረቱም ወደ አንድ ወገን ይሰለፋል። ዱቄቱ ከሻካራው ወደ ልሙ ይሄዳል፤ የተለመደው ቅደም ተከተል 1 ማይክሮሜትር፣ ቀጥሎ 0.3፣ በመጨረሻም 0.05 ነው። የመጨረሻው ቅንጣት ከሰው ፀጉር ውፍረት ከሺህ እጥፍ በላይ ያንሳል። በየመካከሉ በተጣራ ውኃ መታጠብ አለበት፤ ከሻካራው ዱቄት ጥቂት ቅንጣት ወደ ልሙ ጨርቅ ከተሻገረ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አዲስ ምጣድ ያሟሸች እናት ይህን ሥራ ብታይ ወዲያው ይገባታል፤ በጎመን ዘር በደንብ ያልታሰሰ ምጣድ እንጀራውን ይይዛል፣ ዐይንም አያወጣለትም፤ የሊጡ ጥሩነትም አያድነውም።

ገጹ መልካም መሆኑን ዐይን አይፈርድም። ኤሌክትሮዱ ፌሪሳያናይድ የተባለ ጨው ወደሟሟበት ውኃ ይገባና ቮልቴጁ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ስክሪኑ ላይ በመሄጃው አንድ ጉብታ፣ በመመለሻው ደግሞ አንድ ጉድጓድ ይሳላል። ፍጹም በሆነ ገጽ ላይ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 59 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ርቀቱ እጅግ ከሰፋ ሠራተኛው ሌላ ምክንያት ከመፈለጉ በፊት ወደ ጨርቁ ይመለሳል። ይህን ፈተና እወደዋለሁ፤ ለማንም አያዳላም፣ ተማሪውንም ፕሮፌሰሩንም እኩል ይመልሳል።

ማዕረግና ባልደረባቸው በዚህ ገጽ ላይ ያለበሱት ሊግኒን ነው። ሊግኒን በእንጨት ውስጥ የሴሉሎስን ክሮች አያይዞ ዛፍን ጠንክሮ እንዲቆም የሚያደርግ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የወረቀት ፋብሪካዎች ከእንጨቱ ለይተው ያስወግዱታል። ተመራማሪዎቹ ቮልቴጁን በአንድ ልክ ይዘው በማቆየት ሊግኒኑ በካርቦኑ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ እንዲያርፍ አደረጉ። ጥበቡ ያለው በልኩ ላይ ነው፤ ሽፋኑ ከልክ በላይ ከሳሳ ፋይዳ አይኖረውም፣ ከወፈረ ደግሞ የኤሌክትሮኑን መንገድ ይዘጋል።

ሽፋኑ ያስፈለገው ካፌይን አስቸጋሪ ሞለኪውል ስለሆነ ነው። ኤሌክትሮኑን የሚለቀው ቮልቴጁ በጣም ከፍ ሲል ብቻ ነው፤ እዚያ ከፍታ አካባቢ ደግሞ ውኃው ራሱ መፍረስ ይጀምራል። ባዶ ካርቦን ላይ የሁለቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሚቀራረብ የካፌይኑን ለይቶ ማንበብ ያዳግታል። ሊግኒን የለበሰው ገጽ ግን ካፌይኑ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሮኑን እንዲለቅ ያደርጋል፣ የጅረቱም ጉብታ ከፍ ይላል።

ከዚህ ቀደም፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ማዕረግ ከሽመልስ አድማሴ ጋር ታላንታ በተባለው መጽሔት ላይ ሌላ ሽፋን አቅርበው ነበር፤ እሱም ከናፍታሊን ወገን ከሆነ የሰልፎኒክ አሲድ ውሕድ በኤሌክትሪክ የተሠራ ፖሊመር ነው። ያ ሽፋን በአንድ ሊትር ውስጥ 0.027 ሚሊግራም ገደማ ካፌይን መለየት ይችላል። የሊግኒኑ ወሰን ደግሞ 0.16 ሚሊግራም አካባቢ ነው፤ ስድስት ጊዜ ያህል ይዶለድማል ማለት ነው። ታዲያ ለምን ወደ ኋላ ተመለሱ? እኔ ወደ ኋላ መመለስ አልለውም። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ብዙ ነው፤ ያን ያህል የሰላ መሣሪያ አይጠይቅም። በቂውን ስለት ለይቶ አውቆ፣ ከዛፍ በሚገኝ ተራ ነገር ያንኑ መሥራት የጨዋ ባለሙያ ምርጫ ነው። ለዚሁ ልኬት ፓምፕ፣ ውድ ቱቦና በሊትር የሚገዛ ኬሚካል ከሚፈልገው ትልቅ መሣሪያ ጋር ሲተያይ፣ የኤሌክትሮዱ መንገድ በጀቱ ጠባብ ለሆነ ላቦራቶሪ እንደሚስማማ ግልጽ ነው።

ለኪው ራሱን የሚፈትንበትም መንገድ አለ። መጠኑ የታወቀ ካፌይን ወደ ቡናው ይጨመርና ኤሌክትሮዱ ያንኑ ያህል መልሶ ማግኘቱ ይታያል። እነማዕረግ ከ93.79 እስከ 102.17 በመቶ መልሰው አግኝተዋል። ቡና በመቶዎች የሚቆጠሩ ውሕዶች የተደባለቁበት ጥቁር ፈሳሽ መሆኑን ለሚያስብ ሰው፣ ይህ ንጹሕ ሥራ ነው።

የወንበራው ቡና 0.164 በመቶ፣ የወለጋው 0.134፣ የፍኖተ ሰላሙ 0.097፣ የዘጌው 0.089 ካፌይን ወጣላቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ለአረቢካ ቡና ፍሬ በተለምዶ የሚጠቀሰው መጠን 1 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ቁጥሮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። የተለካው በውኃ ከቡናው የወጣው ክፍል ነውና፣ ምን ያህሉ እንደሚወጣ በአወጣጡ ይወሰናል። ስለዚህ እኔ ከቁጥሮቹ ይልቅ በተመሳሳይ እጅ ስለተለኩ በደረጃቸው እተማመናለሁ። ዘጌ በባሕር ዳር አጠገብ ወደ ጣና የገባ፣ ቡናው ከገዳማቱ ጋር በአንድ የጫካ ጥላ ሥር የሚያድግበት፣ ማረስ በልማድ የተከለከለበት ምድር ነው። የዚህ ጫካ ቡና ከአራቱ ለስላሳው ሆኖ መገኘቱ ቢያንስ ደግሞ መለካት ያለበት ነገር ነው። ጠጪዎች የወንበራን ቡና አብልጠው መውደዳቸው ከካፌይኑ መብዛት ጋር እንደሚስማማ ጸሐፊዎቹ ጠቅሰዋል።

ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ማዕረግ ባሕር ዳር ውስጥ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከሐሰተኛ ውንጀላ ጋር በፌስቡክ ሲሰራጭ ነበር፤ ልጃቸውም በናይሮቢ በፌስቡክ ባለቤት ኩባንያ ላይ ክስ መሥርቷል። ዓለም ስማቸውን የሚያውቀው በዚህ ክስ ነው። ያነባቸው ሰው ግን ሥራቸውንም ይወቅ፤ ይህን የጻፍኩት በዋናነት ለዚያ ነው።

ከቡናው ሥራ ጋር አብሮ መነሣት ያለበት እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጥናታቸው ነው። የ2012ቱን ፖሊመር ይዘው ፌኒትሮቲዮን የተባለውን ፀረ ተባይ ውኃ ውስጥ ለኩበት። ካፌይን ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ ፌኒትሮቲዮን ግን በናይትሮ ክፍሉ ኤሌክትሮን ይቀበላል። አንድ ዓይነት ሽፋን ለሰጪውም ለተቀባዩም እንዲያገለግል ማድረግ ቁሱን በሚገባ የማወቅ ምልክት ነው።

ለጣና ይበልጥ የሚቀርበው ይህኛው ጥናት ይመስለኛል። ሐይቁ ወደ 3,000 ስኩዌር ኪሎሜትር ቢሰፋም አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከእርሻው የታጠበውን አፈር ያመጡበታል። እንዲህ ያለው ደፍራሽ ውኃ ኤሌክትሮዱን ክፉኛ ይፈትነዋል። ከበሰበሰ ዕፅዋት የሚመጡ ውሕዶች ገጹ ላይ እየተለጠፉ ያደነዝዙታል። ውኃውን አጣርቶ መለካት ገጹን ያድነዋል፤ ነገር ግን ብዙ ፀረ ተባዮች በደለሉ ቅንጣቶች ላይ ስለሚጣበቁ ማጣሪያው የሚፈለገውን ነገር አብሮ ያስቀረዋል። ስለዚህ ከጉማራ አፍ የተቀዳ ውኃ ሁለት ጊዜ መለካት አለበት፤ አንዴ ተጣርቶ፣ አንዴ ደግሞ መርዙ ከደለሉ በፈሳሽ ታጥቦ ከወጣ በኋላ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ከመርዙ ምን ያህሉ ከጭቃው ጋር ወደ ሐይቁ ወለል እንደሚወርድ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ዓሣው በሚተነፍሰው ውኃ ውስጥ እንደሚቀር ያሳያሉ።