ሥዕል የዋጠው ሥዕል፦ የዕዝራ ውቤን «ሒሳብ» ከሸራው በኩል ማየት

መኪና ሲመጣ አህያ ከመንገድ የማትነቃነቀው፣ ፍየል እግሬ አውጪኝ የምትለው፣ ውሻ ደግሞ እየጮኸ ጎማ የሚያሳድደው ለምን እንደሆነ የአዲስ አበባ ልጅ ያውቃል። ሦስቱ አንድ ታክሲ ተሳፍረው ነበር አሉ። አህያ ልኳን ከፍላ ወረደች፤ ፍየል ሳትከፍል ተፈተለከች፤ ውሻ መልሱን ሳይቀበል ታክሲው ነጎደበት። በ1980 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደው፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው ሀንተር ኮሌጅ የተማረው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ ይህን የከተማ ተረት በ2011 እ.ኤ.አ. አጭር አኒሜሽን አደረገውና የወያላውን ጥሪ ርእስ ሰጠው፦ «ሒሳብ»።

ስለ ፊልሙ ሲነሳ የሚወራው ብዙውን ጊዜ ተረቱና ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ነው። እኔ ግን ትልቁ ነገር ሸራው ይመስለኛል።

በተለመደው የእጅ አኒሜሽን የመደቡ ሥዕል አንድ ጊዜ ተሠርቶ ይቀመጣል። ገጸ ባሕሪው ብርሃን በሚያሳልፍ ሴሉሎይድ ላይ ይሣላል፤ መስመሩ ከፊት፣ ቀለሙ ከጀርባ። ከዚያ በመደቡ ላይ እየተነባበረ ፎቶ ይነሣል። ፊልሙ ሲያልቅ ሥዕሎቹ ስለሚተርፉ ሙዚየም ይሰቅላቸዋል፣ ሰብሳቢ ይገዛቸዋል። የጃፓኑ የመደብ ሠዓሊ ካዙዎ ኦጋ እንደ «ጎረቤቴ ቶቶሮ» ላሉ ፊልሞች የሠራቸው ሥዕሎች በ2007 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ውስጥ ራሱን የቻለ ዐውደ ርእይ ተከፍቶላቸዋል።

ዕዝራ የሠራው በአንድ ሸራ ላይ ነው። ይሥላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ በላዩ ላይ እንደገና ይሥላል፤ የሚተርፈው የመጨረሻው ሥዕል ብቻ ነው። ውሻው አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር አዲሱ እግር ብቻ ሳይሆን እግሩ የለቀቀው አስፋልትም መልሶ መቀባት አለበት። ስለዚህ ከተማው የእንስሳቱ መደብ ሆኖ አርፎ አይቀመጥም፤ ያለፉበት ሁሉ ይፈርሳል፣ ይሠራል። መልሶ የሚቀባበት የብሩሽ ጭረት በየፍሬሙ ስለሚለያይም በዚያ ቦታ ያለው ግድግዳና ሰማይ ይርገበገባል። ስቱዲዮ ቢሆን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ያስተካክለው ነበር። አዲስ አበባን ለሚያውቅ ተመልካች ግን ይህ መርገብገብ ትክክለኛነት ነው፤ ይህች ከተማ መቼ አርፋ ታውቃለች?

ዘዴውና ተረቱ የሚገጥሙትም እዚሁ ላይ ነው። በአንድ ሸራ ሥራ የቆመ ነገር ብሩሽ አይጠይቅም፤ የሚሮጠው ነው ቀለም የሚበላው። ከመንገድ የማትነቃነቀዋ አህያ አንዴ ከተሣለች ከሠዓሊውም ጋር ሒሳብ ዘግታለች። ፍየልና ውሻ ግን በሮጡ ቁጥር እንደ አዲስ ይቀባሉ፣ ዕዳቸው አያልቅም። ዕዝራ ይህን አስቦበት ይሁን አይሁን አልከራከርም፤ ሸራው ግን ያስበዋል።

«ላቪንግ ቪንሰንት» የተባለው ፊልም (2017 እ.ኤ.አ.) ተመሳሳይ መንገድ ተከትሎ 65,000 ያህል የዘይት ቀለም ፍሬሞችን ተጠቅሟል፤ እዚያም ለእያንዳንዱ ትዕይንት የሚተርፈው የመጨረሻው ሥዕል ነው። ልዩነቱ፣ ያ ፊልም የቫን ጎግን እጅ መምሰል ስለነበረበት ድካሙ ሁሉ ለመመሳሰል ውሏል። «ሒሳብ» የሚመስለው ሌላ እጅ የለም፤ ለዚህም ይመስለኛል አጭር ሆኖ ሳለ የበለጠ የሚተነፍሰው።

ሥዕልን በሥዕል ላይ መደረብ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ከሀርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ በኩል በሚገኘው ላስ ጌል፣ አንገታቸው ያጌጠ ቀይና ነጭ ላሞች በዓለት ጣሪያ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ተሥለዋል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ለዓለም ካስተዋወቋቸው ወዲህ፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ ለመለየት አንዱ መንገድ ይኸው ድርብርብ ነው። ላስ ጌልን አኒሜሽን ማለት ግን ማጋነን ይሆናል፤ እነዚያ ላሞች ቆመዋል። ከ«ሒሳብ» ጋር የሚያመሳስላቸው፣ ሁለቱም የታችኛውን ሥዕል ሳናስብ የላይኛውን ብቻ እንድናይ የማይፈቅዱ መሆናቸው ነው።

ስለዚህ «ሒሳብ»ን ለሚያሳዩ ጋለሪዎች አንድ ልመና አለኝ። ፊልሙን በስክሪን ብቻ አትልቀቁት። ሸራው ከተገኘ ከጎኑ ስቀሉት፤ መብራቱንም ከፊት ሳይሆን ከጎን አብሩበት፣ የቀለሙ እብጠት ጥላ ይጣል።