ኮሜዲ ፊልምና የመንፈስ ሚዛን

በፊልም ሂስ ዓለም ኮሜዲ ዘወትር ደጃፍ ላይ የሚቀመጥ እንግዳ ነው። ተመልካቹ ይወደዋል፤ አዳራሹንም ይሞላለታል፤ ክብርና ሽልማት ሲታደል ግን ስሙ እምብዛም አይጠራም። ጥልቅ ነው፣ የሰውን ነፍስ ይነካል፣ መንፈስን ያንጻል የሚባለው መሪር ታሪክ የያዘው ፊልም ነው። ለመሆኑ ይህ ፍርድ ከምን የመነጨ ነው? ሰውን ያሳቀ ፊልም መንፈሳዊ ፋይዳ አለው ሊባል አይገባውምን?

እ.ኤ.አ. በ1995 የሲኒማ መቶኛ ዓመት ሲታሰብ ቫቲካን 45 ፊልሞችን መርጣ በሃይማኖት፣ በእሴትና በኪነ ጥበብ ከፍላ አቅርባ ነበር። የቻርሊ ቻፕሊን «ዘመናዊ ጊዜያት» ከተመረጡት አንዱ ሆነ፤ የገባው ግን በኪነ ጥበብ በር ነው። ብልሃቱ ተመሰገነ፤ መንፈሱ ሳይነሣ ታለፈ። ዝርዝር አውጪዎች የሚስቁት ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው መሰል። በአገራችንም ቢሆን ነገሩ ብዙ አይለይም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ሲያገኝ ክብሩ የሚገባው ነበር። ሕዝቡ ተሰልፎ ስለሚያያቸው የሳቅ ፊልሞች ግን ቁም ነገር ያለው ሂስ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በመጀመሪያ «መንፈሳዊ» የሚለው ቃል መጥራት ይኖርበታል። ቃሉ ጸሎትንና ቅዳሴን ብቻ አያመለክትም። የአንድ ሕዝብ ማረሻና ጎጆ ቁሳዊ ባህሉ ሲሆን፣ ተረቱ፣ ዘፈኑ፣ እንቆቅልሹ፣ ስለ ፍትሕና ስለ ሞት ያለው አስተሳሰብ መንፈሳዊ ባህሉ ነው። ሳቅም የዚሁ ጎተራ እህል ነው።

ለዚህ ማስረጃ ለመፈለግ ከወለጋ መውጣት አያሻም። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ከመግባታቸው በፊት ሁለት ታላላቅ ሥራዎችን ፈጽመው ነበር። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ሲሆን፣ አስቴር የሰበሰቧቸው ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች በውስጡ ይገኛሉ። ቅዱሱን መጽሐፍ በሕዝቡ ቋንቋ ያቀረቡ እጆች የሕዝቡን ጨዋታም በወረቀት አኖሩ። በአማርኛ በኩል አለቃ ገብረ ሐና አሉ፤ በዝማሜ ስማቸው የሚነሣ የቤተ ክህነት ሊቅ፣ በሕዝብ አፍ ደግሞ የቀልድ አባት።

ሲኒማ ግን በመጥፎ ስም ነበር የገባው። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ማሳያ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብላ ጠርታዋለች። የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችንም፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። እንስሳቱ በመድረክ ሲናገሩ ሹማምንቱ ድምፃቸውን የሰሙ ይመስላል። ተራ ቧልት ቢሆን ኖሮ ማን ይደነግጥ ነበር?

«ዘመናዊ ጊዜያት» ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በጥር 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ በሰኔም የጥቁር አንበሳ አርበኞች በነቀምቴ አጠገብ፣ በቦናያ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጠሉ። ከሰማይ የሚወርድ ብረት ኢትዮጵያን ባስጨነቀበት ዓመት፣ ቻፕሊን በብረት ጥርስ መካከል የገባ ሰው ያሳይ ነበር። ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ብሎን ሲያጠብቅ ይውልና እጁ ማቆም ይሳነዋል። የፋብሪካው ጌታ የምሳውን ሰዓት ሊቆጥብ አጉራሽ መሣሪያ ያስመጣል። ይህን ትርኢት የኢትዮጵያ ተመልካች ከማንም ይልቅ ጠልቆ ሊያየው ይችላል። ጉርሻ በዚህ አገር የፍቅርና የአክብሮት ምልክት ነው፤ እጅ፣ ዐይንና ቃል አለበት። በፊልሙ ውስጥ ጉርሻው ቀርቷል ማለት አይቻልም፤ የጠፋው አጉራሹ ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ ሾርባውን ይደፋበታል፣ ብሎን ያጎርሰዋል፣ ከዚያም በትሕትና አፉን ይጠርግለታል። ተመልካቹ በሳቅ ሲፈርስ ሰው ለሰው ምን እንደሆነ ያስታውሳል፤ ስብከትም ከዚህ የበለጠ የሚያስታውሰው ነገር ብዙ አይደለም።

በዚሁ ፊልም ሥራ ፈቱ ሰው ከጭነት መኪና የወደቀ ባንዲራ አንሥቶ ለባለቤቱ ሊመልስ ሲያውለበልብ፣ ሰልፈኛው ከኋላው ይደርስና መሪ ነህ ተብሎ ይታሰራል። ከመድረክ ብዙ የተናገረ ሰው ሁሉ ይህን ቢያይ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 በወጣው «ታላቁ አምባገነን» ደግሞ ሙሶሊኒ ናፓሎኒ ተብሎ ይቀርባል፤ ሁለቱ አምባገነኖች በፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ተቀምጠው ማን ከማን ከፍ እንደሚል ይሽቀዳደማሉ። የመርዝ ጋዝ የወረደበት ሕዝብ ይህን አይቶ ሲስቅ ከፍርሃቱ አንድ ጓዝ ያራግፋል።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ኮሜዲ ክብሩ ይገባዋል ማለት አይደለም። መጠየቅ ያለበት ሳቁ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። በአማርኛ የመድረክ፣ የቴሌቪዥንና የፊልም ኮሜዲዎች ውስጥ ከገጠር የመጣ ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛ በተደጋጋሚ ይታያል። ሥራው በር መክፈትና መሳሳት ነው። ወንዱን በሴት አንቀጽ ይጠራል፤ አዳራሹ ይስቃል። ነቀምቴ፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ተቀምጦ ይህን የሚያይ ኦሮምኛ ተናጋሪ ተመልካች አብሮ ይስቅ ይሆናል፤ የተሳቀበት ግን የአባቱ አንደበት ነው። ሁለተኛ ቋንቋውን በድፍረት የሚናገር ሰው ሊከበር ሲገባው መሣቂያ ሆነ። እንዲህ ያለው ቧልት መንፈስን አያንጽም፤ ያጎብጣል እንጂ። ቻፕሊን «ዘመናዊ ጊዜያት»ን በሠራበት ዘመን ድምፅ ያለው ፊልም ተስፋፍቶ ሳለ የእርሱ ሰው ከንግግር ተቆጥቧል፤ አንድ ጊዜ አፉን ሲከፍት የሚዘፍነው ትርጉም በሌለው ቋንቋ ነው። በዚያ ዘፈን የማንም እናት ልጅ በአነጋገሩ አያፍርም።

ወለጋ በቅርብ ዓመታት ግጭትና መፈናቀል አይቷልና ለሳቅ ጊዜው አይደለም የሚል ይኖራል። የለቅሶ ቤትን ወግ የሚያውቅ ሰው ግን ይህን በቀላሉ አይቀበልም። ጎረቤት በየምሽቱ እየመጣ ሐዘንተኛውን የሚያጫውተው ሙቱን ስለ ናቀ አይደለም፤ ዕድር የሚያውቀውን ነገር የፊልም ዳኞች ሊንቁት አይገባም። በበሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ተራውን ጨርሶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቤቱ ሲገባ በገዛ ቋንቋው ሚስቱን እንዴት እንደሚያስቃት የሚያሳይ ኮሜዲ ቢሠራ፣ ዳኞቹ በየትኛው ረድፍ እንደሚያስቀምጡት ማየት ነው።