ስድስት ሲሊንደር በትንሽ መኪና

ቢኤምደብሊው ኤም140አይን ለሙከራ የሚነዳ ሰው ሻጩ ስለ ዋጋና ዋስትና የሚነግረውን የሚሰማበት ትዕግሥት ያጥረዋል፤ ጆሮው ሞተሩ ላይ ነው። እኔም በዚህ ጀርመናዊ መኪና ላይ የምወደው ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ድምፅ ነው። ባለ 3 ሊትር፣ ባለ ቱርቦ፣ 6 ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ 340 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነው። ይህ ጉልበት አስቤዛ በሚጫንበት፣ ልጆች ትምህርት ቤት በሚደርሱበት አጭር ሃችባክ ውስጥ መግባቱ ዛሬም ይደንቀኛል።

ደስታው የሚገለጠው ግን ኩርባ ላይ ነው። የዚህ መጠን መኪኖች አብዛኞቹ የሚጎተቱት በፊት ጎማ ነው። የሚያዞረውም የሚጎትተውም ያው ጎማ ስለሆነ፣ ብዙ ጉልበት ሲሰጡት መሪው እጅ ላይ ይታገላል። በኋላ ጎማ በሚነዳው ኤም140አይ ግን ሥራው ተከፍሏል፤ የፊቱ ያዞራል፣ የኋላው ይገፋል። ከኩርባው ሲወጡ ነዳጁን ቀስ አድርገው ቢረግጡት፣ ጀርባዎን ከመቀመጫው ጋር አጣብቆ ይወረወራል፤ መሪው ግን እንደረጋ ነው።

የኋላ ወንበሩ ጠባብ ነው። ለእኔ ግድ የለም።

በ2019 እ.ኤ.አ. የተካው ተከታይ ትውልድ መሠረቱን ወደ ፊት ጎማ አዛወረ፤ የሞተሩም ሲሊንደር ወደ 4 ወረደ። ስለዚህ ያገለገለ ኤም140አይ ካገኙ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሲነሣ ያዳምጡት፤ ከዚያም ሻጩን አስፈቅደው ከከተማ ወጣ ብለው ኩርባ ባለበት መንገድ ይንዱት።