ረሃብ ስም ነው፣ ግስ ነው፣ ወይስ ቅጽል?

«ቲቸር፣ ‹ራበኝ› ግስ ከሆነ ‹ሃንግሪ› እንዴት ግስ ሳይሆን ቀረ?»

ጠያቂዋ እዚህ ሞያሌ፣ ጎልቦ ውስጥ ሸቀጥ የምትነግድ የማታ ተማሪዬ ናት። ሁላችንም በቃላችን የያዝነው ትርጓሜ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ስም የሰው፣ የቦታ ወይም የነገር መጠሪያ ነው፤ ግስ ድርጊትን ያመለክታል፤ ቅጽል ስምን ይገልጻል። ደህና፤ መራብ ድርጊት ነው? ከሆነስ አድራጊው ማን ነው?

ትርጓሜውን ትቼ ያንኑ አንድ ስሜት ክፍሉ ውስጥ ባሉት ቋንቋዎች ሁሉ አስባልኳቸው። አማርኛው «ራበኝ» አለ፤ ግስ ነው፤ የተራበው ሰውዬ ደግሞ ባለቤት መሆኑ ቀርቶ «ኝ» ተብሎ ጫፉ ላይ ተለጥፏል። ስዋሂሊው «ኒና ንጃ» አለ፤ «ረሃብ አለኝ» እንደ ማለት ነው፤ ረሃብ ስም ሆነ። የቦረናው ልጅ «ረሃብ ያዘኝ» የሚሉበትን አነጋገር አመጣ፤ አሁንም ስም ነው፣ ግን እዚህ ያዡ ራሱ ረሃብ ነው። እንግሊዝኛው «አይ አም ሃንግሪ» ብሎ ቅጽል አደረገው። ሆዱ ያው ሆድ ነው፤ የተለየው እያንዳንዱ ቋንቋ ለቃሉ የሰጠው ቦታ ነው። ከዚያ ወዲህ በረደኝን፣ ጠማኝን፣ ደከመኝን፣ አመመኝን በአንድ ቀን አስተምራቸዋለሁ። «አይ ሃንግሪ»፣ «አይ ታየርድ» እያለ «አም»ን የሚውጥ ተማሪ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ቃሉን በሆዱ ግስ አድርጎ ስለያዘው ነው። ግስ መስሎት እያለ ሌላ ግስ ለምን ይጨምራል?

ሞያሌ ለዚህ ዓይነት ትምህርት የተመቸች የድንበር ከተማ ናት። ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ወደ 800 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች። ጎልቦ በኬንያው ወገን፣ በማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ ምርጫ ክልል ካሉት ሰባት ዋርዶች አንዱ ነው። ገበያ ላይ ቦረንኛ፣ ሶማሊኛ፣ ቡርጂኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ ይደባለቃሉ፤ ሒሳቡም በብርና በሽልንግ ነው። እኔ ዘንድ የሚመጡት ታዲያ ሁለት ዓይነት ተማሪዎች ናቸው። ከኢትዮጵያ ወገን የመጣው፣ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ መሠረት እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ተምሮታል፤ ሌላውን ትምህርት ግን እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ወይም በሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው የተማረው። «ፓስት ፐርፌክት»ን ያለ ስሕተት ይተነትንልሃል፤ ኬላው ላይ «ዌር አር ዩ ጎይንግ?» ሲባል ግን ላብ ያጠምቀዋል። የኬንያው ልጅ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ ይማራል። ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ይከራከራል። «አድቨርቡ የቱ ነው?» ስትለው ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ወላጆች ሁለተኛውን አይተው የሰዋስው ትምህርት ከንቱ ድካም ነው ይላሉ። አልስማማም። ያ አንደበተ ርቱዕ ልጅ ማመልከቻ ሲጽፍ አራት ዓረፍተ ነገር በአንድ ነጠላ ሰረዝ ሰፍቶ ያመጣል፤ ግሱ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ነጥቡን የት እንደሚያሳርፍ አያውቅም።

የንግግር ክፍሎች ብዛት ስምንት መሆኑን ግን እንደ ሃይማኖት መያዝ አያስፈልግም። የጥንቱ የሰዋስው ሊቅ ዲዮኒስዮስ ትራክስ ለግሪክኛ ስምንት ቆጠረ። ሮማውያን ይህን ለላቲን ሲወስዱ እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» ያለው ቃል ላቲን ውስጥ ስለሌለ እሱን አወጡና ቃለ አጋኖን አስገቡ፤ ቁጥሩ እንዳይጎድል! እኛም አማርኛን በዚሁ ስምንት ቁጥር ስንተነትን ኖረን፣ ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» አምስት አድርገውታል፤ ተውላጠ ስም ከስም ገባ፣ መስተጻምር ከመስተዋድድ ተጠቃለለ፣ ቃለ አጋኖ ወጣ። አሜሪካዊው ቻርልስ ፍሪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው መጽሐፍ፣ የተቀዳ የስልክ ንግግር አዳምጦ፣ የእንግሊዝኛን ቃላት በትርጉማቸው ሳይሆን በሚገቡበት ክፍት ቦታ ለያቸው። እኔ የማስተምረው በዚህኛው መንገድ ነው።

ሰሌዳው ላይ «ዘ» እጽፋለሁ፣ ባዶ ቦታ እተዋለሁ፣ «ኢዝ ጉድ» ብዬ እጨርሳለሁ። ሙሉት! ሹገር፣ ካሜል፣ ሮድ፣ ስታምፕ፣ ቲቸር (ይህ ለማባበል ነው)። ባዶው ውስጥ የገባው ሁሉ ስም ነው፤ ትርጓሜ አላስፈለገንም። ቀጥዬ «ዘይ» ብዬ ባዶ ትቼ «ዘ ፔፐር» እላለሁ። ሪድ፣ ባይ፣ ቼክ፣ ስታምፕ። እዚህ ላይ አንዱ ይነቃል፤ «ስታምፕ ቅድም የላይኛው ውስጥ ገብቶ አልነበር?» ገብቶ ነበር። «ዘ ስታምፕ ኢዝ ጉድ» ሲል ስም፣ «ዘይ ስታምፕ ዘ ፔፐር» ሲል ግስ። ቼክም እንዲሁ፣ ፓስም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሁለቱ አገር የጋራ ኬላ ከተመረቀ ወዲህ እነዚህን ሦስት ቃላት በየቀኑ የማይሰማ የሞያሌ ነጋዴ የለም። አማርኛ ውስጥ «ማኅተም» እና «አተመ» በመልካቸው ይለያሉ፤ የትም ብታስቀምጣቸው ስሙ ስም፣ ግሱ ግስ ነው። እንግሊዝኛ በጥንት ዘመን የነበሩትን አብዛኞቹን ቅጥያዎች ስለጣለ ሥራው በሙሉ በቃላት ተራ ላይ ወደቀ። የእኛ ሰው ግስን መጨረሻ ላይ መፈለግ ስለለመደ መሐል ላይ የተቀመጠውን ዘሎት ያልፋል።

ሌላው የማይለቅ ነገር «ማይ ማዘር ሺ አራይቭድ» የሚባለው ነው። አማርኛ ተናጋሪውም ስዋሂሊ ተናጋሪውም እኩል ይሉታል፤ ምክንያቱም አንድ ነው። «ነገርኩህ» አንድ ቃል ነው፤ ነጋሪውም ተነጋሪውም ውስጡ አሉ። ስዋሂሊውም «ኒሊኩአምቢያ» ብሎ እኔን፣ ያለፈውን ጊዜ፣ አንተንና መንገርን በአንድ ቃል ይጠቀልላል። እንግሊዝኛው «አይ ቶልድ ዩ» ብሎ ሦስት ቦታ ይበትነዋል። «እናቴ ደረሰች» ያለ ልጅ ያችን «ች» የት ያድርጋት? «ሺ» ብሎ ያስገባታል። ይህን ለተማሪ ስታሳየው ስሕተቱ በአንድ ቀን ባይጠፋም ራሱን ማረም ይጀምራል። «ሂ» እና «ሺ»ን የሚያምታታ ካየሁ ግን ስዋሂሊ ሲሰማ ያደገ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ስዋሂሊ «አናኩጃ» ሲል ወንድም ሴትም ያው ነው። የእኛው ደግሞ መኪናዋን «ሺ» ይላታል።

መስተዋድድን በዝርዝር ማስጠናት ትቻለሁ። አማርኛ በመኪና፣ በጠዋት፣ በብዕር እያለ ሁሉን በአንዲት «በ» ይጨርሳል፤ እንግሊዝኛው «ባይ ካር»፣ «ኢን ዘ ሞርኒንግ»፣ «ዊዝ ኤ ፔን» ይላል። ከነስሙ ካልተያዘ አይያዝም። ስለ ሰዓት የሚቸግራቸው ግን ሰዋስው አይደለም፤ አማርኛም ስዋሂሊም ቀኑን ከንጋት አንድ ሰዓት ብለው ስለሚጀምሩ፣ «አት ቱ» ብሎ ቀጠሮ የያዘ ነጋዴ ጠዋት ሁለት ላይ በር ላይ ቆሞ ይገኛል።

ስምንተኛውን፣ ቃለ አጋኖን፣ አላስተምርም። አውቶቡስ መናኸሪያው ከእኔ በተሻለ ያስተምረዋል።