«ቤንዚን» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

በአማርኛ የጤናና የኬሚስትሪ ጽሑፎቻችን «ቤንዚን» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ተሸክሞ ይኖራል። አንደኛው ከማደያ የሚቀዳው የመኪና ነዳጅ፣ ማለትም የበርካታ ውሕዶች ድብልቅ ነው። ሁለተኛው ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1825 ለይቶ ያወጣው፣ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላ አንድ ራሱን የቻለ ውሕድ ነው። ለፕላስቲክና ለናይለን ጥሬ ዕቃዎች መነሻ በመሆኑ ኢንዱስትሪው በቀላሉ አይተወውም።

መደበላለቁን እንደ ተራ የሆሄያት ጉዳይ የሚያዩ አሉ፤ እኛ አንስማማም። ሙዛፈር አክሶይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት፣ ይህ ውሕድ ባለበት ማጣበቂያ ይሠሩ ከነበሩ የኢስታንቡል ጫማ ሠሪዎች መካከል አጣዳፊ የደም ካንሰር ወይም ቅድመ ሁኔታው የታየባቸው 26 ሕሙማንን ዘግበዋል። መቅኔን የሚጎዳው ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሚታየው የደም ሕዋሳት ማነስ ነው።

እንግዲህ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ከማጣበቂያና ከቲነር ጋር የሚውል ሠራተኛ ድካምና የደም ማነስ ይዞት መጥቶ «ቤንዚን ይሸተኛል» ቢል፣ ሐኪሙ ምን ይረዳ? ጀነሬተሩን? የብረት ክኒን አዝዞ መሸኘት ቀላል ነው። ነጭ የደም ሕዋሳቱንና ፕላትሌቱን ማስቆጠር፣ የዕቃውንም መለያ ጽሑፍ እንዲያመጣ መጠየቅ ግን የተሻለ ሕክምና ነው።

ለውሕዱ ጀርመኖች የሚጠቀሙበትን «ቤንዞል» ብንወስድ፣ «ቤንዚን»ን ለነዳጁ ብንተው ይበጃል። ነዳጁም ቢሆን ጥቂት ቤንዞል አለበትና በየጋራዡ እጅ ሊታጠቡበት አይገባም።