ከሚያውቅ ሰው ጋር መብላት

በአዲስ አበባ የምግብ ጉብኝት አንድ ቤት ገብቶ ጠግቦ መውጣት የለም፤ እዚህ ጥቂት፣ እዚያ ጥቂት እየቀመሱ ማለፍ ነው። ጥሩ አስጎብኚ ቀኑን ያውቃል፦ ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ፣ በፍስክ ቁርጥ በአዋዜና በሚጥሚጣ፣ መዝጊያው ቡና። ጉርሻ በአንድ እንደማይቆምም ለእንግዳው ይነግራል።

መንገዱ ወደ ዘነበወርቅ ቢዘልቅ እወዳለሁ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው ሆስፒታል፣ ከዛሬው አለርት ነው። ለሥጋ ደዌ ሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ብዙዎች በዙሪያው ጎጆ ቀልሰው፣ ልጅ ወልደው ቀርተዋል። በሽታው መድኃኒት ቢገኝለትም፣ ሕሙማኑን ከጋራ ገበታ ያራቀው ፍርሃት ቶሎ አልለቀቀም። ስለዚህ በዘነበወርቅ ከአንድ ትሪ አብሮ መቁረስ ከምግብ ጉብኝቱ ማዕዶች ሁሉ ይበልጥ የሚከበር ነው።