መቀስና ዘመን፤ ስለ ቦንሳይ ጥበብ

ከጃፓን የኖህ ቴአትር ጥንታዊ ተውኔቶች አንዱ «ሃቺ ኖ ኪ» ይባላል፤ «የሸክላ ዛፎች» እንደ ማለት ነው። በረዶ በሚጥልበት ሌሊት አንድ የደኸየ ጦረኛ መንገደኛ መነኩሴ ወደ ጎጆው ያስገባል። የሚያነድለት ማገዶ ግን የለውም። ከደጉ ዘመኑ የተረፉትን ሦስት ዛፎች፣ ፕለሙን፣ ቼሪውንና ፓይኑን፣ ቆርጦ ይማግድለታል። መንገደኛው ስሙን የሰወረው ሆጆ ቶኪዮሪ ሆኖ መገኘቱና ጦረኛው ርስት መሸለሙ ኋላ የሚመጣ ነው፤ የተውኔቱ ልብ ያለው ከእሳቱ ዘንድ ነው። ተመልካቹን የሚያስደነግጠው የሦስት ጭራሮ መንደድ አይደለም፤ የነደደው የብዙ ዓመት ድካም ነው።

ቦንሳይን በትንሽነቱ ብቻ የሚያደንቁትም ሆኑ «ዛፍ ማሠቃየት ነው» ብለው የሚነቅፉት ይህን ይስታሉ። «ቦን» ዝርግ ገበቴ፣ «ሳይ» ተከላ ማለት ነው፤ ዘሩ ድንክ አይደለም። መሬት ቢያገኝ እንደ ወገኖቹ ያድጋል። በረኀብም አይደለም የሚያንሰው፤ የተራበ ዛፍ ይሞታልና።

ሥራው በወራት የተከፈለ ነው። በመጋቢት ገደማ ቡቃያው ሳይፈነዳ ዛፉ ከገበቴው ይወጣል፤ ሥሩ ይከረከማል፤ አፈሩ ይለወጣል። ጥቁሩ ፓይን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርጎ ያወጣው ለጋ በሰኔ ከሥሩ ይቆረጣል። ጭካኔ ይመስላል። ዛፉ ግን አስቀድሞ በሚገባ ተመግቧልና በቀረው ሙቀት ሁለተኛ ለጋ ያወጣል፤ የዚህኛው ቅጠል አጭር፣ ቅርንጫፉም ደቃቅ ይሆናል። የደከመ ዛፍ በዚያ ዓመት አይነካም። በኅዳር አሮጌው ቅጠል ይለቀማል፤ በብርዱ ወራት ቅርንጫፉ በሽቦ ተጠምጥሞ ይቃናል። ሽቦው ቅርፊቱን ሳይበላ መፈታት አለበት፤ ቸል የተባለ እንደሆነ ጠባሳው ባለሙያውን ለብዙ ዓመት ይከሰዋል።

ማሳሂኮ ኪሙራ በዚህ ትዕግሥት መካከል የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይዞ ገባ። ከሐበሻ ጥድ ጋር አንድ ወገን የሆነውን የጃፓን ጥድ ደረቅ እንጨት እየፈለፈለ ነፋስ የጠመዘዘው አስመሰለው። ችሎታው አያከራክርም። ነገር ግን ከሥራዎቹ በአንዳንዶቹ ፊት ተመልካቹ ከዛፉ በፊት እጁን ያያል፤ ቅርጹ ይዘቱን ይውጠዋል።

በዋሽንግተን ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ያለው ነጭ ፓይን በተቃራኒው የሠሪውን እጅ ይሰውራል። እንክብካቤው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1625 እንደ ተጀመረ ይነገራል። ነሐሴ 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ፣ ዛፉ ከፍንዳታው ሥፍራ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከአንድ ግንብ ጀርባ ነበርና ተረፈ። ባለቤቱ ማሳሩ ያማኪ በ1976 ዛፉን ለአሜሪካ ሰጡ፤ ጃፓን በዚያ ዓመት ካበረከተቻቸው 53 ቦንሳዮች አንዱ ነው። ከቦምብ የተረፈ መሆኑ በማዕከሉ የታወቀው የልጅ ልጆቻቸው በ2001 ሊያዩት በመጡ ጊዜ ነበር።

ታዲያ የሚደነቀው ዛፉ ነው ወይስ ታሪኩ? ለ25 ዓመት ታሪኩን ሳያውቁ ከፊቱ የቆሙ ሰዎች ወፍራም ግንዱን፣ የተሰነጣጠቀ ቅርፊቱንና ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ጥላውን አይተው አድንቀዋል። በ1625 የጀመረው እጅ ይህን ቅርጽ አላየውም፤ በ1976 ያስረከበውም እጅ አልጨረሰውም። ለጋው ዛሬም በየዓመቱ ይቀነጠባል።